ዋጋው የረከሰ፣ ኢላማው ያልረከሰ

የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት፣ የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የሠራው ማውዘር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ይቀርባል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ወይም በቆዳ የተለበደ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ የአደን ጠመንጃ የሚበልጥ ዋጋ ይጠራበታል። እዚያው አገር ከፋብሪካ የወጣ፣ ሩገር አሜሪካን የተባለ አዲስ የአደን ጠመንጃ 500 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ የሚስማማው ጥይት ከተገኘለትም በ100 ሜትር ርቀት ሦስት ጥይት ሦስት ሳንቲ ሜትር በምታህል ቦታ ላይ ይሰበስባል። የዛሬ ስድሳ ዓመት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ርካሹ የጦር ሜዳው ትራፊ፣ ውዱ ደግሞ አዲሱ ነበር።

እዚህ የሚዳሰሰው በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ ነው፤ በእያንዳንዱ ተኩስ መሐል ተኳሹ መቀርቀሪያውን አንሥቶ፣ ስቦ፣ ገፍቶ የሚዘጋው ማለት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ የአሜሪካ ገበያ ግምቶች ናቸው፤ ርካሽ የአደን ጠመንጃ የሚባለው ነገር ተወልዶ ያደገው እዚያ ስለሆነ ሌላ መለኪያ መፈለግ ብዙም አያስኬድም።

የጀርመን ጦር በ1898 የተቀበለው የፓውል ማውዘር ጠመንጃ የዚህ ዘር ሁሉ አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉት ሁለት ጥርሶች ሲዞሩ ከብረቱ ቤት ጋር ይቆላለፋሉ። ከኋላ ደግሞ አንድ መጠባበቂያ ጥርስ አለ። ረጅሙ ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው እንደወጣ ይይዘዋል፤ ቀለሁ ተተፍቶ እስኪወድቅም አይለቀውም። ይህን የሚያሻሽል ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ አልመጣም። የመጣው በዋናነት ማርከሻው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መጋዘኖች ሲራገፉ አሜሪካ በጦር ትራፊ ተጥለቀለቀች። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በ1963 ቺካጎ ከሚገኘው ክላይንስ ስፖርቲንግ ጉድስ በፖስታ ያዘዘው የጣሊያን ካርካኖ ከነመነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። በዚያ ጠመንጃ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደሉ። የማርቲን ሉተር ኪንግንና የሮበርት ኬኔዲን ግድያ ተከትሎ በ1968 የጸደቀው ሕግ ተራው ሰው ከሌላ ግዛት በፖስታ ጠመንጃ ማዘዙን ከለከለ፤ የጦር ትራፊ የሚገባበትንም በር ዘጋ። በሩ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአሮጌዎቹ እንደገና ከተከፈተ በኋላ የሩሲያ ሞሲን ናጋንት ጎረፈ። በሚሊዮን የተመረተ ስለነበር በ2000ዎቹ ዓመታት ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። አሁን የዚያን ብዙ እጥፍ ነው፤ ክምችቱም ተሟጧል።

ካርካኖ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ከ1935 እስከ 1941 ይዞት ገብቶ ጥሎት የሄደው ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት እሱና የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ ማውዘሩም ጭምር ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው በጅምላ ወደ አሜሪካ ተጭነዋል። ገዢዎቻቸው ግን በአብዛኛው አዳኞች ሳይሆኑ የታሪክ ዕቃ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ጥገናው፣ ጠባሳውና የተቀረጸበት ምልክት ነው የሚያስወድደው።

ለአደን ብሎ አሮጌ የጦር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሂሳቡን ቢጽፈው ይሻላል። በድሮው ጥይት ማቀጣጠያ ውስጥ የሚገባው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ብረት ይበላል። በውሃ ሳይታጠብ የከረመ አፈሙዝ ውስጡ እንደ ፈንጣጣ ፊት ይበሳሳል። መነጽር ለመግጠም ብረቱን መብሳት ያስፈልጋል፤ የመቀርቀሪያው እጀታ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነም መነጽሩን ስለሚነካ መታጠፍ አለበት። ለባለሙያ ከተከፈለ በኋላ ርካሹ ጠመንጃ የአዲሱን ዋጋ አልፎ ይገኛል፤ የሰብሳቢ ዋጋውም በዚያው ይሞታል። እንደ ውጅግራ ላለው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጥይት ከተራ ሱቅ አይገኝም።

አዲሱ ጠመንጃ የረከሰበት ታሪክ ከዚህ ይልቅ ይጥማል።

የአሜሪካው ፋብሪካ ሬሚንግተን በ1948 ያወጣው ሞዴል 721 የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ነበር። የመቀርቀሪያው ቤት እንደ ማውዘሩ ከተቀጠቀጠ ብረት በብዙ ጣጣ ከሚፈለፈል ይልቅ ከድቡልቡል ዘንግ በመኪና ተስሎ ወጣ። በ1962 የመጣው ዝነኛው ሬሚንግተን 700 የዚሁ ልጅ ነው። ዊንቸስተር በበኩሉ በ1936 የጀመረውን ሞዴል 70 በ1964 ለማርከስ ሲል ረጅሙን ጥፍር አውጥቶ፣ በእጅ የሚቀረጸውን የእንጨት ጥልፍ በማተሚያ ተካው። አዳኞች ይቅር አላሉትም። እስከ ዛሬ "ከ64 በፊት" የተሠራው ሞዴል 70 በተለየ ዋጋ ይሸጣል።

የሳቬጁ 110 ግን የሌላ ሰው ጭንቅላት ውጤት ነው። ኒኮላስ ብሩወር የነደፈው ይህ ጠመንጃ በ1958 ገበያ ሲወጣ ዋጋው 109 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ እስካሁንም ይመረታል። ብልሃቱ ከአፈሙዙ ሥር የሚታይ አንድ ቀለበት መሰል ብሎን ላይ ነው። ጥይቱ በማረፊያው ውስጥ ሲተኛ ከመቀርቀሪያው ፊት ጋር ያለው ክፍተት ከሚሊ ሜትር ክፋይ በላይ መሳት የለበትም፤ ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል፣ ከጠበበ መቀርቀሪያው አይዘጋም። በሌላው ፋብሪካ ይህን የሚያስተካክለው ልምድ ያለው ሠራተኛ ነበር፤ ሞርዶ፣ ለክቶ፣ ደግሞ ሞርዶ። በሳቬጁ ግን ሠራተኛው መለኪያውን ማረፊያው ውስጥ ከትቶ መቀርቀሪያውን ይዘጋል፤ አፈሙዙን እስኪነካው ድረስ ያጠነጥነዋል፤ ከዚያ ብሎኑን በመፍቻ ያጠብቃል። አለቀ። የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ በደቂቃዎች ተተካ፤ ልኩም አልጎደለም። መልኩ ያስጠላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አያምርም።

ሁለተኛው ብልሃት አፈሙዙን መቀጥቀጥ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ለመትረየስ ብለው ባዳበሩት ዘዴ፣ የተቦረቦረ የብረት ዘንግ የቦዩ ቅርጽ ያለበት ጠንካራ ብረት ውስጡ ይገባለትና መዶሻዎች ከውጭ ይወቅጡታል። ጠመዝማዛው ቦይ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ማሽኑ ውድ ነው፤ አንዴ ከተገዛ ግን አንዱ አፈሙዝ ከሌላው የማይለይ ሆኖ ይወርዳል። ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው፤ የዋልነት እንጨት ሰደፍ በቅርጽ ማውጫ በሚጨመቅ ፕላስቲክ ተተካ። ጠመንጃው ይበልጥ የረከሰው እዚህ ላይ ነው፤ ድክመቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

በ2010 ሳቬጅ ኤጅ የሚባል ቀለል ያለ ጠመንጃ አወጣ፤ ወዲያው አክሲስ ተብሎ ተሰየመ። ሩገር አሜሪካን የተባለውን በ2012 ገደማ ለገበያ አቀረበ፤ ሞስበርግም በ2015 ፓትሪየትን። ሦስቱም ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ክልል ይሽከረከራሉ፤ አክሲስ ብዙ ጊዜ መነጽር ተገጥሞለት በዚያው ዋጋ ይሸጣል። ከፍ ሲል የጃፓኑ ሆዋ 1500 አለ፤ ዌዘርቢ ቫንጋርድ እያለ የሚሸጠው ይኸንኑ ነው። ከዚያ በላይ የፊንላንዱ ቲካ፣ ከ2003 ጀምሮ ቲ 3፣ ከ2016 ወዲህ ቲ 3 ኤክስ እየተባለ ይመጣል። ጀርመን ውስጥ ማውዘር ራሱ በ2018 ኤም 18 የሚል ቀላል ጠመንጃ አውጥቶ "የሕዝብ መሣሪያ" ብሎ አስተዋወቀው፤ ስሙ የቅንጦት መለያ ለሆነ ቤት ትንሽ የሚገርም መፈክር ነው።

በወረቀት ላይ እነዚህን የሚለያይ ነገር ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚታየው እጅ ላይ ሲወጡ ነው። የአክሲስን የፊት መያዣ ከአፈሙዙ ጋር በአንድ እጅ ጨብጦ መጭመቅ በቂ ነው፤ ፕላስቲኩ ይተጣጠፍና አፈሙዙን ይነካዋል። ሲነካው ኢላማው ይዘወራል፤ ጠመንጃውን ድጋፍ ላይ አስደግፎ የተኮሰና በእጁ ይዞ የተኮሰ ሰው ጥይታቸው የተለያየ ቦታ ያርፋል። ለመፈተን አንዲት ወረቀት በአፈሙዙና በመያዣው መካከል ማሳለፍ ይበቃል፤ ከጥይት ማረፊያው አጠገብ ድረስ ሳትያዝ ከሄደች ደህና ነው። ሩገር መቀርቀሪያው የተቀመጠበትን ቤት ሰደፉ ውስጥ በታቀፉ የብረት ማረፊያዎች ላይ ስላሳረፈው፣ ሰደፉ ርካሽ ቢመስልም ኢላማው አይሸሽም። የቲካ መቀርቀሪያ ደግሞ በአንድ ጣት ሲገፋ ያለምንም ኩርኩርታ ይንሸራተታል፤ ቲካን አንዴ የሞከረ ሰው ወደ አክሲስ ሲመለስ አሸዋ የገባበት ይመስለዋል።

ቃታ ሌላው ነው። ድርጅቶች ክስ ፈርተው ቃታውን እያከበዱ ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ከባድ ቃታ ደግሞ ጠመንጃውን በተኳሹ ጣት ያንሸራትተዋል። ሳቬጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቃታው መሐል ምላስ መሰል ስስ ብረት አስገባ፤ ጣት ምላሷን ካልተጫነ ቃታው አይላቀቅም። ስለዚህ ቀላል ቃታ ተሰጥቶም ጠመንጃው ወድቆ እንዳይተኩስ ማድረግ ተቻለ። ብዙዎቹ ተከትለውታል። የሬሚንግተን 700 የቀድሞ ቃታ ታሪክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ጣት ሳይነካው ይተኩሳል የሚለው ቅሬታ ለአሥርት ዓመታት ሲከማች ቆይቶ በ2010 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ሲኤንቢሲ ዘገባ ሠራበት፤ በፍርድ ቤት የተደረሰው ስምምነት ከ7 ሚሊዮን በላይ ጠመንጃዎችን የሚመለከት ሆነ። ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም፤ ቃታውን ግን ለመተካት ተስማማ። ውድነትና ደህንነት ሁልጊዜ ተያይዘው የሚሄዱ አለመሆናቸውን ይህ ያሳያል፤ ርካሹ ሳቬጅ ከስመ ጥሩ ሬሚንግተን የተሻለ ቃታ ነበረው።

ስለ ኢላማ የሚወራው ብዙው ወሬ ነው። አስተዋዋቂዎች "በ100 ሜትር ሦስት ሳንቲ ሜትር" ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሦስት ጥይት ነው። ሦስት ጥይት ማስረጃ አይሆንም፤ ያው ጠመንጃ አሥር ጥይት ቢተኮስበት ስርጭቱ በአማካይ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይሰፋል። የሦስቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር የነበረው የአሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የሚገርመው ግን ይህም ለአደን ከበቂ በላይ መሆኑ ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ሜትር ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚበትን ሰነፍ ጠመንጃ እንኳ በ200 ሜትር 12 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቆያል። እንስሳው ቆስሎ የሚያመልጠው በአብዛኛው ተኳሹ ቆሞ፣ እያለከለከ፣ ያልተለማመደውን ርቀት ስለሚሞክር ነው።

ልምምድ ደግሞ ጥይት ይፈጃል፤ ትክክለኛው ወጪ ያለው እዚያ ነው። ጥሩ የአደን ጥይት አንዱ ከ1 ዶላር ተኩል እስከ 2 ዶላር ተኩል ሲሸጥ፣ የ200 ጥይት ወጪ የጠመንጃውን ዋጋ ይጠጋል። ስለዚህ የካሊበር፣ ማለትም የጥይቱ ዓይነት፣ ምርጫ ከጠመንጃው ስም ይበልጣል። ባለ 308 ዊንቸስተር ከ1952 ጀምሮ አለ፤ ባለ 30-06 ከ1906፤ ሁለቱም በየትኛውም የገጠር ሱቅ ይገኛሉ። ከ2007 ወዲህ የመጣው 6.5 ክሪድሙር ርግጫው ለስለስ ያለ፣ በሩቅም ነፋስ ብዙ የማያስተው ነው፤ ዛሬ ከነባሮቹ እኩል ተስፋፍቷል። ባለ 243 ዊንቸስተር ርግጫው የ30-06ን ግማሽ ያህል ስለሆነ ለጀማሪ ይመከራል። ማግነም የሚባሉት ኃይለኛ ጥይቶች ግን ሦስት ኪሎ በማይሞላ ርካሽ ጠመንጃ ሲተኮሱ ትከሻ ያስለቅሳሉ፤ ትከሻው የፈራ ተኳሽ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል።

በ2020 እና 2021 በአሜሪካ የጥይት እጥረት በተከሰተ ጊዜ ያልተለመደ ካሊበር የገዙ ሰዎች ባዶ መደርደሪያ ታቅፈው ቀሩ። በ2021 መስከረም የሩሲያ ጥይት በማዕቀብ እንዳይገባ ሲደረግ ደግሞ ርካሹ የ7.62 በ39 ጥይት ነገር ተለወጠ። ይህ ጥይት የክላሹ ጥይት ነው። በርካሽነቱ ተማርከው በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ለሱ የገዙ ብዙዎች ነበሩ።

መነጽሩ ላይ መሰሰት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ከጠመንጃው ጋር ተገጥሞ የሚሸጠው መነጽር ብዙውን ጊዜ የጥቅሉ ደካማ ክፍል ነው፤ ሲመሽ ይጨልማል፣ ማስተካከያውን አንድ ነጥብ ሲያዞሩት ሁለት ይሄዳል ወይም ጭራሽ አይሄድም። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። መግጠሚያ ቀለበቶቹ በፋብሪካ ላልተው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ ጠመንጃው ኢላማ አይዝም ተብሎ ከመመለሱ በፊት ብሎኖቹን ማጥበቅ ያዋጣል። 800 ዶላር ያለው ሰው 450ውን ጠመንጃው ላይ፣ 200ውን መነጽሩ ላይ፣ የቀረውን ጥይት ላይ ቢያውል 800 ዶላር ሙሉውን ጠመንጃ ላይ ካፈሰሰው ጓደኛው የተሻለ ይተኩሳል። ይህ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ነው፤ የሚከራከረው አይጠፋም።

ሕይወታቸው በጠመንጃቸው ላይ የተመሠረተ ሰዎች ምን እንደሚይዙ ማየት ይጠቅማል። በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ የሚጠብቁት የካናዳ ሬንጀሮች ከ1947 ጀምሮ የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድ ይዘው ቆይተዋል። መለዋወጫው ሲያልቅ ተተኪው ዘመናዊ አውቶማቲክ አልሆነም፤ ከ2018 ጀምሮ የታደላቸው ሲ 19 መሠረቱ ቲካ ቲ 3 ኤክስ ሲሆን በኮልት ካናዳ የተመረተ ባለ 308 ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲደርስ ዘይት ይረጋል፣ በራሱ ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ሊቆም ይችላል፤ በእጅ የሚሳበው ግን ይሳባል። ቀዩ ሰደፉ ላይ ስንጥቅ መታየቱ ግን በኋላ አስወቅሶታል። በግሪንላንድ በውሻ ሸርተቴ የሚቃኘው የዴንማርክ ሲሪየስ ቡድን ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የተሸከመው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ የሠራችውን ኤም 1917 ነው፤ ነጭ ድብ ቢመጣ የሚያስጥለው እሱ ነው። በሌላ ጫፍ፣ የሕንዱ ኡታር ፕራዴሽ ፖሊስ ባለ 303ቱን ሊ ኤንፊልድ በይፋ ያሰናበተው በ2020 ጥር ነበር፤ ለፖሊስ ግን ያን ያህል መቆየቱ የሚያስመሰግን አልነበረም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የገበያ ሳይሆን የፈቃድ ነው። በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል፤ ስለዚህ "የቱ ይሻላል" የሚለው ጥያቄ እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚመለስ አይደለም። ጥያቄው በእርግጥ የሚነሣው አሜሪካ ውስጥ ኖሮ የአደን ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው ነው።

ለእሱ ያገለገለ ጠመንጃ አዲሱን የሚያስንቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አዳኝ በዓመት ከአሥር እስከ ሃያ ጥይት ተኩሶ ጠመንጃውን ቁምሳጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጠው የሃያ ዓመት ሆዋ ወይም ሳቬጅ አፈሙዝ ገና አዲስ ሆኖ ይገኛል። መቀርቀሪያውን አውጥቶ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን ማየት፤ የቦዩ ጠርዝ ስለታም መሆኑን፣ በተለይ ጥይቱ በሚወጣበት ጫፍ ላይ የተመታ ነገር አለመኖሩን ማረጋገጥ፤ ከዚያ ባዶውን አቀባብሎ ቃታውን መሞከር ይበቃል። ግራኝ ከሆነም ሳቬጅ 110 ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የግራ እጅ ጠመንጃ በተመጣጣኝ ዋጋ ካቀረቡት አንዱ ስለነበር አሮጌው በገበያ ይገኛል። ሬሚንግተን 700 ከሆነ የተገኘው ደግሞ፣ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት የቀድሞው ቃታ በአዲስ ተተክቶ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ አለበት፤ ካልተተካ የአዲስ ቃታና የባለሙያ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል።